ቶርኖ ለገዛ ሰው፤ የቻክና የኮሌት ምርጫ

ቀኑን ሙሉ በጽሕፈት ቤት ወረቀት ሲያገላብጥ የዋለ ወጣትና ደብተር ሲሞላ የሰነበተ ተማሪ፣ ማታና ቅዳሜ እጁን የሚያፍታታበት አንድ ሥራ ቢኖረው ለአካሉም ለአእምሮውም መልካም ነው። አንዱ አትክልት ይተክላል፤ ሌላው ፎቶግራፍ ያነሣል፤ ሦስተኛው ሬዲዮ ይፈታል፣ ይገጥማል። በእኛ በኩል ግን ዝገት የበላውን የብረት ቁራጭ አንሥቶ፣ በገዛ እጁ አክብቦና አለስልሶ፣ የተሰበረ የልብስ ስፌት መኪና ወይም የቡና ወፍጮ እንደገና እንዲዞር የሚያደርግ ሰው የሚያገኘውን ደስታ የሚያህል የለም እንላለን። ይህን የሚያደርግለት መሣሪያ ደግሞ በየጋራዡ ቶርኖ የምንለው የብረት መጥረቢያ መኪና ነው።

ይህ አሳብ ለላፍቶና ለአካባቢው ሰው እንግዳ አይደለም። ነፋስ ስልክ የሚለው ስም ራሱ ከመኪና የተወለደ ነው፤ ያለ ሽቦ በአየር የሚነጋገረው ስልክ ሲመጣ ሕዝቡ ነፋስ የሚያደርሰው ስልክ ነው ብሎ የሰጠው ስም ለሠፈሩ ቀረለት። ዛሬም በዚያው ክፍለ ከተማ የነፋስ ስልክ ፖሊቴክኒክ ኮሌጅ ወጣቶችን በሙያ ያሠለጥናል። በሜክሲኮ አደባባይ አጠገብ ያለው ተግባረ ዕድም ከጣልያን ወረራ ማብቂያ ጀምሮ ለአገሪቱ ብዙ ባለሙያ አፍርቷል። ብረት ሠሪን መናቅ ደግሞ የቀረ፣ መቅረትም የሚገባው ልማድ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ባለእጁን በሙያው መስደብን በአዋጅ የከለከሉት በ1900 ዓ.ም. ነበር። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏልና፣ ዛሬ ዲፕሎማ ያለው ወጣት እጁን ዘይት ቢነካው የሚያፍርበት ምክንያት የለም።

የዛሬው ጉዳያችን ግን ቶርኖው ራሱ አይደለም፤ ብረቱን ጨብጦ የሚያዞረው እጁ ነው። ይህም እጅ ቻክ ይባላል፤ ወንድሙ ደግሞ ኮሌት። ብዙ ሰው መኪናውን ለመግዛት ዓመት ሙሉ ያስብና፣ ቻኩን ግን ሻጩ ባቀረበለት ይወስዳል። በዚህ ምርጫ የሚሳሳት ሰው ሁለት ነገር ሊያጣ ይችላል፤ አንደኛው የወር ደመወዙ ነው፤ ሁለተኛውና የሚብሰው ጣቱ ወይም ዓይኑ ነው። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ እንይ።

እስቲ በምሳሌ እንሂድ። በላፍቶ ከወላጆቹ ግቢ አንዲት የጓሮ ክፍል የተፈቀደችለት አንድ ጀማሪ የመንግሥት ሠራተኛ እናስብ። ገንዘብ አጠራቅሞ ከትንንሾቹ የቻይና ቶርኖዎች አንዱን ገዛ እንበል። ይህ ዓይነቱ መኪና ክብደቱ 40 ኪሎ ገደማ ነው፤ በወፍራም ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፤ የሚሠራውም በቤታችን ባለው ባለ 220 ቮልት መብራት ነው። ትልልቆቹ የጋራዥ ቶርኖዎች የሚጠይቁት ባለ ሦስት መስመር ኃይል አያስፈልገውም። እስከ 180 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ነገር ያዞራል፤ ርዝመቱም እስከ 350 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። ከመኪናው ጋር 80 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ባለ ሦስት መንጋጋ ቻክ አብሮ መጥቶለታል። ታዲያ ከዚህ በኋላ ምን ይግዛ? ከሁሉ በፊትስ የያዘው ቻክ ደኅና መሆኑን በምን ያውቃል?

ባለ ሦስት መንጋጋው

የዚህ ቻክ ብልሃት በሆዱ ውስጥ ነው። በአካሉ ውስጥ እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት የተጠማዘዘ ጥርስ ያለው አንድ ሳህን አለ። ቁልፉን ከጎን አስገብተን ስናዞረው ሳህኑ ይዞራል፤ ሦስቱ መንጋጋዎችም ባንድነት፣ እኩል ለእኩል ወደ መሃል ይሰበሰባሉ ወይም ወደ ውጭ ይበተናሉ። የቻክን ነገር ካሻሻሉት ሰዎች አንዱ የአሜሪካ አገር የኮኔቲከት ሰው ሳይመን ፌርማን ነበር፤ የባለቤትነት ፈቃዱን ያገኘውም በ1840 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ጥቅሙ ግልጽ ነው። ክብ ብረት ወይም ባለ ስድስት ማዕዘን ዳዶ አስገብቶ አንድ ቁልፍ በማጥበቅ በደቂቃ ውስጥ ሥራ መጀመር ይቻላል። መንጋጋዎቹ 1፣ 2፣ 3 የሚል ቁጥር ተቀርጾባቸዋል፤ መግቢያቸውም እንዲሁ። ተወልቀው ሲመለሱ በተራቸው ካልገቡ ሦስቱ መሃል ላይ አይገናኙም። ብዙውን ጊዜ ሁለት ጥንድ መንጋጋ አብሮ ይመጣል፤ አንደኛው ቀጭን ነገርን ከውጭ ለመጨበጥ፣ ሁለተኛው ሰፊ ነገርን ለመያዝ ነው።

ጉድለቱስ? እንዝርት ስትፈትል ያያት ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳዋል። ዘንጓ በክቧ መሃል ለመሃል ካላለፈች እንዝርቷ ትወላገዳለች፤ ክሩም ይበጠሳል። ቻክም እንዲሁ ነው። ባለ ሦስት መንጋጋው የጨበጠው ብረት ከመኪናው ዘንግ መሃል ጥቂት ይስታል። በተለመደው ቻክ አዲስ ሆኖ ሳለ እንኳ ይህ ስሕተት በመለኪያው ከ0.05 እስከ 0.10 ሚሊ ሜትር ቢደርስ የሚያስገርም አይደለም፤ ይህም የራስ ጠጉር ውፍረት ያህል ነው። ቻኩ ሲያረጅ ደግሞ ይጨምራል።

እዚህ ላይ ጀማሪውን ሁሉ የሚያሳስተው ነገር አለ። ስለ ስሕተቱ ሲሰማ ይደነግጣል፤ ከዚያም ውድ ቻክ ካልገዛሁ ትክክለኛ ሥራ አልሠራም ብሎ ይደመድማል። ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። ስለቱ የሚቆርጠው የመኪናውን ዘንግ መሃል ተከትሎ እንጂ የቻኩን መሃል ተከትሎ አይደለም። ስለዚህ ብረቱ አንዴ ከታሰረ በኋላ ሳይፈታ ውጭው ቢጠረብ፣ ቀዳዳው ቢበሳ፣ ጫፉም ቢስተካከል፣ ሦስቱም ባንድ መሃል ላይ ይውላሉ። ቻኩ 0.10 ቢስትም ባይስትም በሥራው ላይ አይታይም። ስሕተቱ የሚወጣው ብረቱ ተፈትቶ፣ ተገልብጦ እንደገና ሲታሰር ነው።

እንግዲህ ቻክ የሚመርጥ ሰው አስቀድሞ ራሱን የሚጠይቀው ጥያቄ «ቻኩ ምን ያህል ይስታል?» የሚል ሳይሆን «ሥራዬ ስንት ጊዜ ይፈታል፣ ይታሰራል?» የሚል ይሁን። ሥራውን አስቦ በአንድ እስራት የሚጨርስ ሠራተኛ በርካሽ ቻክ ጥሩ ዕቃ ያወጣል። ሳያስብ የሚጀምር ግን ውድ ቻክም አያድነውም። የግድ መፈታት ካለበት ደግሞ በመጀመሪያው መንጋጋ ትክክል ብረቱ ላይ በእርሳስ ምልክት ማድረግ ይበጃል፤ በዚያው ቦታ ተመልሶ ሲታሰር ስሕተቱ ይቀንሳል።

ባለ አራት መንጋጋው

በዚህኛው ቻክ እያንዳንዱ መንጋጋ የየራሱ ብሎን አለው፤ ሌሎቹን ሳይጠብቅ ለብቻው ይሄዳል። ስለዚህ አራት ማዕዘን ብረት፣ ቅርጸ ጠማማ የቀለጠ ብረት፣ ከመሃል ውጭ መበሳት ያለበት ነገር ሁሉ ይታሰርበታል። አያያዙም ከባለ ሦስቱ የጠነከረ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ትክክለኛነቱ የሚወሰነው በፋብሪካው ሳይሆን በሠራተኛው ትዕግሥት ነው። ታግሦ የሚለካ ሰው በዚህ ቻክ ብረቱን እስከ 0.02 ሚሊ ሜትርና ከዚያም በታች ወደ መሃል ማምጣት ይችላል።

ጀማሪ የሚሸሸው ማስተካከሉ ያስቸግራል ብሎ ነው። ዘዴውን ላወቀው ግን ከባድ አይደለም። ባለ ሰዓት መለኪያው ከብረቱ ጎን ይደገናል። ቻኩ በእጅ ይዞራል እንጂ በሞተር አይደለም። በመጀመሪያው መንጋጋ ፊት መለኪያው 1.00 አነበበ እንበል፤ በትይዩው መንጋጋ ፊት ደግሞ 0.40። ልዩነቱ 0.60 ነው፤ የሚገፋው ግን ግማሹ፣ ማለት 0.30 ብቻ ነው። ዝቅ ብሎ ያነበበው መንጋጋ ጥቂት ይላላል፤ ከፍ ያለው ይጠብቃል። ከዚያ ወደ ሁለቱ ቀሪዎች ይታለፋል። ሁለት ሦስት ዙር ከተመላለሰ በኋላ መርፌው መንቀሳቀሱን ይተዋል። የመጀመሪያው ቀን ግማሽ ሰዓት ይፈጃል፤ በአሥረኛው ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ይበቃል።

በልዩነቱና በግማሹ መካከል ያለውን ነገር አንባቢ ልብ ይበል። ቻክ ሻጮች የሚናገሩት ቁጥር መለኪያው በሙሉ ዙር ያነበበው ነው። መለኪያው 0.10 ቢያነብ ብረቱ ከመሃል የራቀው 0.05 ነው። ሁለቱን የሚያምታታ ሰው ሲገዛም ሲሠራም ይሳሳታል።

ኮሌት

ኮሌት በጎኑ የተሰነጣጠቀ፣ ውጭው ሾጣጣ የሆነ የብረት እጅጌ ነው። ሾጣጣው በልኩ በተበጀለት ቀዳዳ ውስጥ ተገፍቶ ሲገባ ስንጥቆቹ ይጠብቡና በውስጡ ያለውን ዘንግ ዙሪያውን ይጨብጡታል። ሦስት መንጋጋ በሦስት ቦታ ብቻ ይነክሳል፤ ኮሌት ግን መዳፍ እንደሚጨብጥ ሁሉንም ባንድ ያቅፋል። ስለዚህ ያለቀለትን የነሐስ ዘንግ አያቆስለውም፤ ቀጭን ቧንቧ አያጨፈልቅም። ጥሩ ኮሌት ባልተቧጠጠ መያዣ ውስጥ ሲገባ ስሕተቱ ከተለመደው ባለ ሦስት መንጋጋ በብዙ ያንሳል። ሥራ ፈትቶ መልሶ ማሰርም ከሁሉ በላይ የሚቀለው በኮሌት ነው።

ዛሬ በብዛት የሚገኘው ኢ.አር. የተባለው ዓይነት ነው። የስዊዘርላንዱ ሬጎ ፊክስ ድርጅት በ1970ዎቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ያወጣው ነው፤ ዛሬ በብዙ አገር ይሠራል። ከስሙ ቀጥሎ የሚጻፈው ቁጥር መጠኑን ይናገራል። ኢ.አር. 16 እስከ 10 ሚሊ ሜትር፣ ኢ.አር. 25 እስከ 16፣ ኢ.አር. 32 ደግሞ እስከ 20 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ዘንግ ይይዛል። እያንዳንዱ ኮሌት በተለመደው አሠራር ከተጻፈበት ልክ 1 ሚሊ ሜትር ወደ ታች ይጠብባል፤ የ10 ኮሌት ከ10 እስከ 9 ያለውን ይይዛል ማለት ነው። ወደ ላይ ግን አይሄድም። ስለዚህ 12.7 ሚሊ ሜትር የሆነውን የግማሽ ኢንች ዘንግ የሚይዘው የ13ቱ ነው፤ በ12ቱ ውስጥ በግድ የሚያስገባ ሰው ኮሌቱን ያበላሻል።

በአጠቃቀሙ ሦስት ነገር ይታወስ። አንደኛ፣ ኮሌቱ አስቀድሞ በመጥበቂያው ዳዶ ውስጥ ጠቅ ብሎ መግባት አለበት፤ ከዚያ በኋላ ነው ዳዶው በቻኩ ላይ የሚጠመጠመው። ኮሌቱን በቀዳዳው ላይ አስቀምጦ ዳዶውን በላዩ የሚያጠብቅ ሰው ሲፈታ ኮሌቱ አልወጣ ይለዋል፤ ሊሰብረውም ይችላል። ሁለተኛ፣ ዘንጉ ቢያንስ የኮሌቱን ርዝመት ሁለት ሦስተኛ ይሙላ። ሦስተኛ፣ በሾጣጣው ላይ አንዲት የብረት ፍቅፋቂ ብትቀር የተከፈለው ዋጋ ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ስለዚህ ከመግጠም በፊት በንጹሕ ጨርቅ መጥረግ ግዴታ ነው።

አሁን ለእኛ አገር ሰው ዋናው ነገር ይመጣል። በየግንባታው የወዳደቀ ፌሮ በነጻም ሆነ በርካሽ ስለሚገኝ ጀማሪው ሁሉ በርሱ መለማመድ ይፈልጋል። ፌሮ ግን በኮሌት ፈጽሞ አይታሰር። ሲሚንቶ እንዲይዘው ተብሎ ጎድን ወጥቶለታልና ክብ አይደለም፤ ጎድኑ የኮሌቱን ውስጥ ይቧጥጠዋል። በባለ ሦስት መንጋጋውም ቢሆን አንዱ መንጋጋ በጎድን ላይ፣ ሌላው በጎድጓዳው ላይ ስለሚያርፍ አያያዙ አያስተማምንም። የግድ ከሆነ ጎድኑ በባለ አራት መንጋጋው ታስሮ ይጠረብ። ለመለማመጃ የሚሻለው ለስላሳ ክብ ብረት፣ አልሙኒየም ወይም ነሐስ ነው።

የኮሌት መያዣውም ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ እንደ ማንኛውም ቻክ በዘንጉ ራስ ላይ በብሎን ይታሰራል፤ መሃሉ ክፍት ስለሆነ ረጅም ዘንግ ያሳልፋል። ሁለተኛው ሾጣጣ ጭራ አለው፤ በመኪናው ዘንግ ሾጣጣ ቀዳዳ ውስጥ ገብቶ ከኋላ በረጅም ብሎን ይሳባል። ይህኛው ይረክሳል፤ ነገር ግን ብሎኑ መንገዱን ስለሚዘጋ አጭር ቁራጭ እንጂ ረጅም ዘንግ አይገባበትም። ሻጩ ይህን ላይናገር ስለሚችል ገዢው ይጠይቅ።

ፋይቭ ሲ የሚባል በትልልቅ ቶርኖዎች የታወቀ ሌላ ኮሌትም አለ። ጥሩ ነው፤ ግን የአካሉ ውፍረት 31.75 ሚሊ ሜትር ነው። የትንሹ ቶርኖ የዘንግ ቀዳዳ ደግሞ 20 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ለእኛ ሠራተኛ በርካሽ ቢያገኘውም አይሆነውም።

ለመብሻ የሚሆነው ቻክ

ባለ አራትና ባለ ሦስት መንጋጋው በፊተኛው ራስ ላይ ሲሆኑ፣ በኋለኛው ራስ ላይ ፑንታ የሚይዝ ትንሽ ቻክ ያስፈልጋል። ይህ በእጅ ትራፓኖ ላይ የምናውቀው ዓይነት ነው። አሜሪካዊው አርተር ጄኮብስ ይህን ዓይነቱን ቻክ በስሙ ያስመዘገበው በ1902 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ ምክንያቱም በድሮው ቻክ የእጁን መገጣጠሚያ መላጡ እንደ ነበር ይነገራል። በትንሹ ቶርኖ የኋለኛው ራስ ቀዳዳ በአብዛኛው ሞርስ ቁጥር 2 ነውና ጭራው በዚያ ልክ ይገዛ። ቀዳዳ የማይበሳ የቶርኖ ሥራ ጥቂት ስለሆነ ይህችን ዕቃ ማዘግየት አይገባም።

ከመኪናው ጋር ይስማማልን?

ቻክ እንደ ጫማ ነው፤ ልኩ ካልሆነ ውድነቱ አይጠቅምም። የቻኩ ጀርባ በዘንጉ ራስ ላይ ካለው ክብ ትከሻ ጋር ልክ ለልክ መገጠም አለበት። በተለመዱት የቻይና ቻኮች የ80ው የጀርባ ጎድጓዳ 55 ሚሊ ሜትር፣ የ100ው 72፣ የ125ቱ 95 ሚሊ ሜትር ነው። የመሃል ቀዳዳቸውም እንደ ቅደም ተከተሉ 16፣ 22 እና 30 ሚሊ ሜትር ነው። እንግዲህ የሠራተኛችን መኪና 20 ሚሊ ሜትር ዘንግ ያሳልፋል ቢባልም፣ ቻኩ ከ16 በላይ አያሳልፍለትም።

የ100 ሚሊ ሜትሩን መግጠም ቢፈልግ በመካከሉ ፍላንጅ ያስፈልገዋል። ፍላንጁን ራሱ በዚያው ቶርኖ ላይ አስሮ ትከሻውን በቻኩ ልክ ቢጠርበው ከሁሉ ይሻላል፤ ከዚያው ዘንግ ጋር አብሮ ስለሚከብ። ነገር ግን ትልቅ ቻክ ሁሉ የተሻለ ነው ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው። ቻኩ በከበደና ወደ ፊት በወጣ ቁጥር በትንሹ መኪና ኩሽኔታ ላይ ሸክሙ ይጨምራል። የሚበትነው ኃይልም በፍጥነቱ ካሬ ልክ ያድጋል፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ኃይሉ አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ በቻኩ ላይ ወይም በመመሪያው የተጻፈውን ከፍተኛ ዙር ማለፍ አይገባም።

አሮጌ ቻክ ሲገዛ

መርካቶ ምናለሽ ተራ ብረታ ብረት የሚፈልግ ሰው ባዶ እጁን የማይመለስበት ቦታ ነው። አሮጌ ቻክ ደኅና ከሆነ ከርካሽ አዲስ ሊበልጥ ይችላል፤ ግን በሚከተለው መንገድ ይመርመር።

አስቀድሞ የመንጋጋዎቹ ቁጥር ይታይ፤ ከሁለት ቻክ የተሰበሰቡ መንጋጋዎች አንድነት የላቸውም። ቁልፉ ከዳር እስከ ዳር ይዙር፤ በአንድ ቦታ የሚላላ በሌላው የሚጠብቅ ከሆነ ውስጡ ተበልቷል። ከዚያ ቀጥ ያለ ለስላሳ ዘንግ ይታሰርና ከፊት በኩል ወደ ብርሃን ይያዝ፤ በዘንጉና በመንጋጋው አፍ መካከል ብርሃን የሚያልፍ ከሆነ መንጋጋው እንደ መለከት አፍ ተከፍቷል፤ ብረቱን አጥብቆ አይዝም። በመንጋጋው መሄጃ ማዕዘኖች ላይ ስንጥቅ ይፈለግ፤ ስንጥቅ ያለበት ቻክ በስጦታ ቢሰጥም አይወሰድ። በመጨረሻ የጀርባው ልክ በካሊፐር ተለክቶ ይጻፍ።

ለመመርመሪያ የሚሆን ትክክለኛ ዘንግ ከየት ይገኛል ለሚል መልሱ ቅርብ ነው። ከጥቅም ውጭ የሆነ የቢሮ ማተሚያ መኪና ራሱን የሚያመላልስበት የሚያብረቀርቅ ዘንግ፣ ወይም ከጋራዥ የሚጣል የሾክ አብዞርበር ዘንግ፣ ሁለቱም በፋብሪካ በጥንቃቄ የተሞረዱ ናቸው፤ ያልታጠፈው ክፍላቸው ለዚህ ይበቃል። የቢሮውን ግን ንብረት ክፍል ሳይፈቅድ መንካት አይገባም!

ከሁሉ የሚበልጠው ጥንቃቄ

80 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ቻክ በደቂቃ 2500 ጊዜ ሲዞር ጠርዙ በሰዓት 38 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሮጣል። በላፍቶ መንገድ ከሚሄድ ታክሲ ፍጥነት አያንስም ማለት ነው። አሁን የቻኩ ቁልፍ በጎኑ እንደ ተሰካ ተረስቶ ሞተሩ ቢነሣ፣ ያ ቁልፍ የት እንደሚያርፍ አንባቢ ይገምት። ስለዚህ የቶርኖ የመጀመሪያው ሕግ ይህ ነው፤ ቁልፉ በቻኩ ላይ እያለ እጅ ከቁልፉ አይለይ። እጅ ሲነሣ ቁልፉም አብሮ ይነሣ።

ጓንት አይደረግ፤ የሚዞር ነገር ጓንቱን ከያዘ እጅን ጭምር ይስባል። ክራባት ይፈታ፤ እጅጌ ይሰብሰብ፤ ሴት ሠራተኛም ብትሆን ነጠላዋን አስቀምጣ ጸጉሯን ትሰር። የዓይን መከላከያ መነጽር ከቻኩ በፊት ይገዛ እንጂ በኋላ አይደለም። ከቻኩ ወጥቶ የሚታየው ብረት የውፍረቱን ሦስት እጥፍ ካለፈ በኋለኛው ራስ ይደገፍ። ፍቅፋቂው በእጅ ሳይሆን በብሩሽ ይጠረግ፤ መኪናው ቆሞ። ቻኩ ሲወልቅ ከሥሩ ጣውላ ይነጠፍ፤ ሁለት ኪሎ ያህል ብረት በጣት ላይም ሆነ በቶርኖው መንሸራተቻ ላይ ቢወድቅ ጉዳቱ የማይጠገን ነው። ቻኩ በዘንጉ ላይ በጥርስ የሚጠመጠምባቸው አሮጌ መኪናዎች ደግሞ ወደ ኋላ እየዞሩ መቁረጥ የለባቸውም፤ ቻኩ ተፈትቶ ሊወድቅ ይችላል።

በቁልፉ ላይ ቧንቧ ሰክቶ የሚያጠብቅም አለ። ይህ የብርቱነት ምልክት አይደለም፤ የሳህኑን ጥርስ ከመስበር በቀር የሚያተርፈው ነገር የለም። በትክክለኛው ቁልፍ በእጅ ጠብቆ የማይዝ ቻክ ወይ ተበልቷል ወይ ለሥራው አንሷል።

የግዢው ቅደም ተከተል

እንግዲህ ወደ ላፍቶው ሠራተኛ እንመለስና እንደምድም። ከመኪናው ጋር የመጣለትን ባለ ሦስት መንጋጋ ይዞ ይቆይ። መጀመሪያ የሚገዛው መነጽርና ባለ ሰዓት መለኪያ ይሁን፤ ያልለካ ሰው የቱ ቻክ መጥፎ እንደ ሆነ አያውቅምና። ቀጥሎ ለኋለኛው ራስ የፑንታ መያዣ ቻክ። ሦስተኛ፣ በመኪናው ልክ የሆነ ባለ አራት መንጋጋ፤ እርሱን ማስተካከል የተማረ ሰው የብረት ሥራ ግማሹን ተማረ እንላለን። ኮሌቱ በመጨረሻ ይመጣል።

ኮሌትም ሲገዛ 18 ቁራጭ ያለበትን ሙሉ ሣጥን ባንድ ጊዜ መግዛት ግድ አይደለም። ያዥውንና የሚያዘወትራቸውን ልኮች፣ እንበል 6፣ 8፣ 10 እና 12፣ በጥራት መርጦ ይጀምር፤ ሌላውን ሥራው ሲጠይቀው ይጨምር። ከዚህ ደንብ የሚወጣው ገና ከጅምሩ ቀጫጭን የነሐስ ዕቃ፣ የብዕር አካል ወይም የሞዴል ባቡር ክፍል በብዛት ለመሥራት የተነሣ ሰው ነው፤ ለእርሱ ኮሌቱ ከባለ አራት መንጋጋው ቢቀድም ያዋጣዋል።

አንዳንዱ ይህ ሁሉ ለመዝናኛ ምን ያደርጋል ይል ይሆናል። ነገር ግን የጎረቤት ወፍጮ ዘንጉ ተበልቶ ሲቆም፣ የሸክም ጋሪ ጎማ መሃሉ ሲላላ፣ ልኩ በገበያ የማይገኝ አንድ ዳዶ ለአንድ መኪና መቆም ምክንያት ሲሆን፣ ያን ጊዜ በጓሮ ክፍል የተቀመጠችው ትንሽ ቶርኖ ለሠፈሩ ትልቅ ነገር ትሆናለች። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ነውና፣ በየሁለት በሦስት ወሩ አንድ አንድ ዕቃ የሚጨምር፣ የገዛውንም እየለካና እየጠረገ የሚይዝ ወጣት በሁለት ዓመት ውስጥ የራሱ ባለሙያ ይሆናል። መለኪያውን የማይሸሽ ሠራተኛ በሥራው አያፍርም።